«ቢዝነስ አለ» ሲሏችሁ ምን አሏችሁ?

በቀን ውስጥ ስንት ጊዜ «ቢዝነስ» የሚል ቃል እንደምትሰሙ ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? እስቲ ከጠዋት ጀምሩ። ታክሲ ውስጥ አጠገባችሁ የተቀመጠው ጎረምሳ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ «አትጨቅጭቀኝ፣ ቢዝነስ ላይ ነኝ!» ይላል። ካፌ ገብታችሁ ማኪያቶ ስታዝዙ ከጀርባችሁ ሁለት ሰዎች «አሪፍ ቢዝነስ መጥታለች» እየተባባሉ ይንሾካሾካሉ፤ ስለ መኪና ይሁን፣ ስለ ሲሚንቶ፣ ወይስ ስለ ሰው አታውቁም። ጓደኛችሁን «ምሳ ጋብዘን» ስትሉት ኪሱን ገልብጦ «ቢዝነስ የለም ባካችሁ» ይላል። ሲመሽ ደግሞ መብራት ደብዘዝ ካለበት ጥግ የቆመችውን ልጅ በዓይናቸው እየጠቆሙ «ቢዝነስ ናት» ብለው የሚሳሳቁ አይጠፉም።

አንድ ቃል፣ አራት ዓለም! ለመጀመሪያው ሥራ ነው፣ ለሁለተኛዎቹ ድለላ፣ ለሦስተኛው ገንዘብ፣ ለአራተኛዎቹ ደግሞ የሰው ገላ።

«ታዲያ ምን አለበት? ቃል ነው፣ እንደተመቸን ብንጠቀምበትስ?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ቃል የሚናገረው ሰው ነው። ነገር ግን ሁሉንም ነገር የሚሸፍን ብርድ ልብስ ከሥሩ ምን እንደተኛ አያሳይም። ቃሉን የሚናገረው ሰው አንድ ነገር አስቦ፣ የሚሰማው ሌላ ነገር ጠብቆ «እሺ» ሲባባሉ ጣጣው የሚመጣው በኋላ ነው። በዚህ ሳምንት በዚህ ቃል ላይ እንድናተኩር ያደረገን ከወደ ይፋት፣ ከጀውሃ የደረሰን ደብዳቤ ነው። ወደ እሱ እንመለሳለን። መጀመሪያ ግን የቃሉን ባለቤት እንጠይቅ።

ፈረንጁ ራሱ ምን ይላል?

እንግሊዞች ቃሉን ሲፈጥሩት ስለ ብርም ስለ ንግድም አላሰቡም። ሥሩ «ቢዚ» የሚለው ነው፤ በጥንቱ እንግሊዝኛ ደግሞ «ቢዚ» ማለት የተጠመደ ብቻ ሳይሆን የሚጨነቅ፣ ልቡ ያላረፈ ማለት ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው «ቢዝነስ» ጭንቀት ነው ማለት ነው! ቆይቶ ሰው የተጠመደበት ጉዳይ ሆነ፣ ከዚያ መተዳደሪያ ሥራ ሆነ፣ ብዙ መቶ ዓመታት ካለፉ በኋላ ደግሞ ንግድ ሆነ። ንግዱ ቃሉን ጠቅልሎ ስለወሰደው «ሥራ በዛብኝ» ለማለት እንግሊዞቹ «ቢዚነስ» ብለው ሌላ ቃል መሥራት ነበረባቸው።

በዚህም አላበቃም። «ማይንድ ዩር ኦውን ቢዝነስ» ሲሉ «አያገባህም፣ የራስህን ጉዳይ ያዝ» ማለታቸው ነው። «መንኪ ቢዝነስ» ካሉ ተንኮል ያለበት ነገር ሸትቷቸዋል ማለት ነው። «ሾው ቢዝነስ» ዘፈኑና ፊልሙ ነው። አውሮፕላን ላይ «ቢዝነስ ክላስ» ሰፊው ወንበር ነው። ውሻቸውን ይዘው ወጥተው «ቢዝነሱን ሠራ» ካሏችሁ ደግሞ ውሻው ነገደ ማለት እንዳይመስላችሁ፤ ተጸዳዳ ለማለት ነው!

በተለይ አንዷን ልብ በሉልን። ፊልም ላይ «ሺ ሚንስ ቢዝነስ» ሲባል ሰምታችኋል? «ልጅቷ አትቀልድም፣ ቆርጣ ተነስታለች» ማለት ነው። የእኛ ሰፈር ጎረምሳ ግን «ቢዝነስ» የምትለዋን ብቻ ለቅሞ ልጅቷን ምን እንደሚያደርጋት መገመት አያቅትም። ለእነሱ ሙገሳ የሆነው ቃል እኛ ዘንድ ስድብ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ሌላም አስገራሚ ነገር አለ። የተለያየ አገር ሰዎች ለመገበያየት ብለው የሚፈጥሩትን ቅይጥ ቋንቋ ምሁራን «ፒጅን» ይሉታል። ብዙዎቹ የቋንቋ አጥኚዎች እንደሚያምኑት ይህ «ፒጅን» የሚለው ስም ራሱ የቻይና ነጋዴዎች «ቢዝነስ» የሚለውን ቃል በራሳቸው አንደበት ሲጠሩት የተገኘ ነው። ስለዚህ ይህን ቃል ይዘው እንደፈለጉ ያጣመሙት የአዲስ አበባ ልጆች የመጀመሪያዎቹ አይደሉም።

እኛ ዘንድ ምን ጎድሎ ገባ?

አማርኛ ቃል አላጣም። ንግድ አለን፣ ሥራ አለን፣ ጉዳይ አለን፣ ትርፍ አለን። ታዲያ «ቢዝነስ» ምን ክፍተት አግኝቶ ገባ?

አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለናል፤ «ነጋዴ» የሚለው ቃል በአገራችን ብዙ ዱላ የቀመሰ ቃል ነው። በድሮው ዘመን መሬት የያዘው ባላባት ነጋዴን ዝቅ አድርጎ ያየው ነበር። ደርግ ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ባሰ። በ1967 ዓ.ም. ትላልቅ ድርጅቶች ተወረሱ። በ1968 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 76 የግል ነጋዴ ካፒታሉ ገደብ ተበጀለት፤ በችርቻሮ 200 ሺህ ብር፣ በጅምላ 300 ሺህ ብር፣ በኢንዱስትሪ 500 ሺህ ብር። ነጋዴ ሲባል «በዝባዥ» የሚለው ቅጽል አብሮ ይመጣ ጀመር። በገበያ ላይ ዕቃ ሲጠፋ ጣት የሚቀሰረው እሱ ላይ ነበር።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ታወጀ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለወጠ፣ ንግዱም ተለቀቀ። ያኔ ሱቅ ሳይኖረው፣ ዕቃውንም በዓይኑ ሳያየው ከአንዱ ገዝቶ ለሌላው የሚሸጥ ሰው በዛ፤ ሥራው «አየር በአየር» ተባለ። ይህ ሰው ራሱን ምን ይበል? «ነጋዴ ነኝ» እንዳይል ሱቅ የለው፣ ፈቃድ የለው። «ደላላ ነኝ» እንዳይል ክብሩን ይነካበታል። «ቢዝነስ እሠራለሁ» ሲል ግን ነገሩ ሁሉ አማረ! ቃሉ ከባሕር ማዶ የመጣ ነውና የድሮ ስድብ አልተለጠፈበትም። ከረባት ላሰረውም፣ በስሊፐር ለሚሄደውም እኩል ሆነ።

ችግሩ ግን እዚሁ ላይ ነው። ነውር የሌለበት ቃል ሲገኝ ነውሩን የሚደብቅ ሁሉ ይሰበሰብበታል። ኮንትሮባንዱም ቢዝነስ ተባለ፣ ጉቦውም ቢዝነስ ተባለ፣ የሐሰት ሰነድ የሚያሠራውም «አንድ ቢዝነስ ልጨርስ» ብሎ ወጣ።

ሴቶቹ ጋ ሲደርስ

በምሽት መንገድ ዳር የሚቆሙ እህቶች ራሳቸው «ቢዝነስ እሠራለሁ» ሲሉ ይሰማል። ለምን መረጡት? የቀሩትን ስሞች አስቧቸው። አማርኛችን ለእነሱ ያዘጋጀው ስም ሁሉ ድንጋይ ነው። ልጅቷ ስለ ራሷ ስትናገር ድንጋይ በራሷ ላይ ልትወረውር ነው እንዴ? «ቢዝነስ» ስትል ቢያንስ «እኔም የምሠራው ለእንጀራ ነው» ማለቷ ነው። ለእሷ ቃሉ መጠለያ ነው።

ይኸው ቃል ግን ገና ወደዚያ ሕይወት ያልገባችውን ልጅ ለማስገባት ሲውል ወጥመድ ይሆናል። የገባችበት ታውቀዋለች፤ ያልገባችው አታውቀውም። ልዩነቱ ይህ ነው። ቃሉን ማን ለማን ተናገረው? የሚለውን ሳንጠይቅ ማለፍ የለብንም።

ከአስፋልቱ ዳር

አሁን ወደ ጀውሃ እንውረድ። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ደብረ ብርሃንን አልፋችሁ፣ የጣርማ በርን ዋሻ ጨርሳችሁ፣ በደብረ ሲና ቁልቁለት ስትወርዱ ብርዱ ይቀርና ሙቀቱ ይቀበላችኋል። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥቂት አለፍ ስትሉ ጀውሃን ታገኛላችሁ፤ ወንዙም ከተማዋም ስማቸው አንድ ነው። ቀጥሎ ሰንበቴ፣ ቀጥሎ አጣዬ እያለ መንገዱ ወደ ደሴ ይነጉዳል። አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ የሚገናኙበት ቆላ ነው። የሰንበቴ የእሁድ ገበያ ደግሞ ከሩቅ ሰው ይጠራል።

እዚህ አካባቢ ቢዝነስ ሲባል ዓይነቱ ብዙ ነው። ማሾ አለ፣ ሽንኩርት አለ፣ ቲማቲም አለ፣ ፓፓያና ማንጎ አለ። ሽንኩርት ነጋዴውን «ቢዝነስ እንዴት ነው?» ብትሉት ቁጭ ብሎ ያስረዳችኋል። በስንት እንደገዛ፣ ለመኪና ስንት እንደከፈለ፣ አዲስ አበባ ሳይደርስ ቢበሰብስ ኪሳራው የማን እንደሆነ አንድ በአንድ ይነግራችኋል። የሚደብቀው ቢኖር ትርፉን ብቻ ነው!

አስፋልቱ ግን ሌላም ነገር ያመላልሳል። ከግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነት በፊት በኮምቦልቻ በኩል ወደ አሰብ ወደብ የሚወጣና የሚወርደው ከባድ መኪና በዚሁ መንገድ ያልፍ ነበር። ወደቡ ጅቡቲ ሲሆን አብዛኛው ጭነት በአዋሽ በኩል ዞረ፤ የደሴና የኮምቦልቻ፣ የወሎና የትግራይ መንገደኛ ግን ዛሬም በዚህ ያልፋል። ሾፌርና ረዳት በሚያድርበት ከተማ ሁሉ ምግብ ቤት፣ መኝታ ቤትና ቡና ቤት ይበቅላል። ቡና ቤት ባለበት ደግሞ «ቢዝነስ» የሚለው ቃል ሁለተኛ ትርጉሙን ይይዛል። ኤድስ በአገራችን የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን በ1978 ዓ.ም. ሪፖርት ከተደረጉ በኋላ በቶሎ የተዛመተው እንዲህ ባሉ የመንገድ ዳር ከተሞች እንደነበር መርሳት የለብንም።

እንግዲህ ደብዳቤው የመጣው ከዚህ ነው። ጸሐፊዋ እንዳትታወቅ አንዳንድ ነገር ቀንሰንለታል።

«ውድ አዘጋጅ፣ እኔ የምኖረው ጀውሃ ነው። ዕድሜዬ 19 ነው። ትምህርቴን ከአሥረኛ ክፍል አቋርጫለሁ። እናቴ መንገድ ዳር ፓፓያና ማንጎ ትሸጣለች፣ እኔም አግዛታለሁ። አንድ የምወደው ልጅ አለ። የመኪና ረዳት ነው። በዚህ ባለፈ ቁጥር ሳያየኝ አይሄድም፣ ሁለት ዓመት ሊሆነን ነው። ባለፈው ወር ‹አዲስ አበባ ለአንቺ የሚሆን ቢዝነስ አለ፣ እንደ አክስቴ የማያት አንዲት ሴትዮ ትቀበልሻለች› አለኝ። ደስ አለኝ። ‹ምን ዓይነት ቢዝነስ?› ብለው ‹ቢዝነስ ነው አልኩሽ እኮ፣ አታምኚኝም እንዴ?› አለኝ። ቤት ኪራይ የለም፣ ምግብ የለም፣ ልብስም ሴትዮዋ ትገዛልሻለች፣ ሥራ ስትጀምሪ ቀስ እያልሽ ትከፍያታለሽ ብሎኛል። ለእናቴ እንዳልነግራት አስጠንቅቆኛል፤ እሷ ስለማይገባት ነው አለ። ወላሂ ግራ ገባኝ። ብጠይቀው ይከፋዋል፣ ዝም እንዳልል ፈራሁ። ሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጥቶኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

እህቴ፣ መልሳችን ይኸውልሽ

በመጀመሪያ ከጀውሃ መውጣት መፈለግሽ ነውር የለበትም። ማንጎ ሸጦ የሁለት ሰው ኑሮ መግፋት እንደማይቻል ካንቺ በላይ ማን ያውቃል? ስለዚህ «እዚያው ተቀመጪ» ብለን አንመክርሽም። የምንልሽ «የምትሄጂበትን ሳታውቂ አትሂጂ» ነው።

ስለ ልጁ ከሩቅ ሆነን አንፈርድም። ምናልባት እሱም ተሸውዶ ይሆናል፤ ሴትዮዋ የነገረችውን «ቢዝነስ» እሱ ሱቅ መሸጥ መስሎት ሊሆን ይችላል። ሊሆን ይችላል አልን እንጂ ነው አላልንም! ከእሱ ጠባይ ይልቅ የነገረሽን ነገር መርምሪ። በደብዳቤሽ ውስጥ አራት ነገሮች አስደንግጠውናል።

አንደኛ፣ ሥራው ስም የለውም። ንጹሕ ሥራ ሁሉ ስም አለው። አስተናጋጅ፣ ልብስ ሰፊ፣ ፀጉር ሠሪ፣ የቤት ሠራተኛ፣ ሻጭ ይባላል። ሁለት ጊዜ ተጠይቆ ስም ያላገኘ ሥራ ስሙን የሚያሳፍረው ሥራ ነው።

ሁለተኛ፣ ዕዳው ከሥራው ቀድሟል። ልብሱም ምግቡም ቤቱም «ቀስ እያልሽ ትከፍያለሽ» ነው። ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚያልቅ የማታውቂው ዕዳ የቤቱ በር ቁልፍ ነው፤ ቁልፉ ደግሞ በሴትዮዋ እጅ ነው።

ሦስተኛ፣ ለእናትሽ እንዳትነግሪ ተብለሻል። መንገድ ዳር ስትነግድ ያሳደገችሽ እናት ቢዝነስ አይገባትም? ከሰው ሁሉ በፊት የሚገባት እሷ ናት። ከእናት የሚደበቅ ሥራ ውስጥ እናት ብትሰማው የምትከለክለው ነገር አለ።

አራተኛ፣ የሥራ ጥያቄሽን የፍቅር ጥያቄ አደረገብሽ። «ምን ዓይነት ሥራ?» ስትይው «አታምኚኝም?» አለሽ። የሚወድ ሰው ሲጠየቅ ያስረዳል። ፍቅር ጥያቄ የሚፈራ ከሆነ ከወዲሁ ታሟል።

አሁን የምታደርጊውን እንንገርሽ። ደውለሽ በለሰለሰ አንደበት አምስት ነገር ጠይቂው። የሚሸጠው ምንድን ነው? ገንዘቡን የሚከፍለኝ ማን ነው፣ ስንትስ ነው? ቢከስር ኪሳራው የማን ነው? ሴትዮዋ ከእናቴ ጋር በስልክ ትነጋገራለች ወይ? ካልተስማማኝ በማግስቱ ወደ ጀውሃ መመለስ እችላለሁ ወይ? ሽንኩርት ነጋዴው እነዚህን ሳይንተባተብ ይመልሳቸዋል። ልጁም ከመለሰ ጥሩ፤ የተመለሰልሽን ለእናትሽና ለአንድ የምታምኚው ዘመድ ንገሪ። ካልመለሰ ግን ዝምታው መልስ ነውና ቀጠሮውን ተዪው።

ሄደሽ ለማየት ከወሰንሽም መታወቂያሽን ለማንም አትስጪ። የመመለሻ ትራንስፖርት ገንዘብ ከሌላው ለይተሽ ያዢ። የምታርፊበትን ሰፈርና ስልክ ለእናትሽ ጽፈሽ ተዪላት። በአዲስ አበባ ዘመድ ካለሽ መጀመሪያ የምታርፊው እዚያ ይሁን።

ሕጉ «ቢዝነስ» አይለውም

ልብ በሉ፣ ሕጋችን ይህን ነገር በእንግሊዝኛ አላቆላመጠውም። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ስሙ በቀጥታ «በሰው የመነገድ» ወንጀልን ይጠራል። ሰውን አታሎ ለብዝበዛ መመልመል፣ ማጓጓዝ፣ መቀበል ወንጀል ነው፤ ድንበር ሳይሻገር እዚሁ አገር ውስጥ ቢደረግም ያው ወንጀል ነው። በማታለል የተገኘ «እሺታ» ደግሞ ወንጀለኛውን ነፃ አያወጣውም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በሌላ ሰው ገላ የሚነግደውን አገናኝና ቤቱን የሚያዘጋጀውን ይቀጣል። «ራሷ ፈልጋ ነው የመጣችው» የሚለው የደላሎች ዘፈን ፍርድ ቤት አያስጨፍርም።

«ቢዝነሱ ዓረብ አገር ነው» የሚባሉትም ይስሙ። ከወሎና ከይፋት ብዙ እህቶቻችን ሄደዋል፤ ያለፈላቸው አሉ፣ በሬሳ ሣጥን የተመለሱም አሉ። መንግሥት በ2006 ዓ.ም. ጉዞውን አግዶ ኋላ በ2010 ዓ.ም. እገዳውን አንስቷል። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የምትሄደው 18 ዓመት የሞላት መሆን አለባት፣ ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፣ የቪዛና የአውሮፕላን ትኬት ወጪም የአሠሪው ነው። «ለቪዛና ለትኬት ይህን ያህል ሺህ አምጪ» የሚላችሁ ሰው የሚሠራው የእናንተን ሳይሆን የራሱን ቢዝነስ ነው።

ለወንዶቹም አንድ ቃል

ወንዶች «እኛን አይመለከተንም» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡ። «ቢዝነስ አለ፣ ብር አዋጣ» ተብላችሁ ያለ ወረቀት የቁጠባችሁን የሰጣችሁ ስንት ናችሁ? ጓደኛ ነው፣ አብሮ አደግ ነው፣ ውል መጻፍ ያሳፍራል ትላላችሁ። ሲከስር ግን ጓደኝነቱም አብሮ ይከስራል። ሁለት ምስክርና አንድ ገጽ ወረቀት ማንንም አያስቀይምም፤ የሚያስቀይመው ሰው ካለ ቀድሞውኑ ለመክዳት የተዘጋጀው ነው። አምስቱ ጥያቄዎች ለእናንተም ይሠራሉ። የሚሸጠው ምንድን ነው? ማን ይከፍላል? ኪሳራው የማን ነው? ቤተሰብ ቢሰማው ምን ይላል? መውጣት ብፈልግ መውጫው የት ነው?

ሌላው ነገር፣ መንገድ ዳር ያለችውን ልጅ እያሳያችሁ «ቢዝነስ ናት» ስትሉ ቆም በሉ። ሰው ቢዝነስ አይደለም። ቢዝነስ ነው ከተባለም የገዢው ስም አብሮ ይጠራ እንጂ ለምን የእሷ ብቻ ይጠራል?

«ቢዝነስ» ከአፋችን ይውጣ አንልም። ቃሉ አገር ለምዷል፣ ዜግነትም አግኝቷል። ጥንት ጭንቀት ማለት እንደነበር ግን አትርሱ። «ቢዝነስ አለ» ያላችሁ ሰው ሥራውን በአማርኛ ሊነግራችሁ ካልቻለ ያመጣላችሁ የመጀመሪያውን ትርጉም ነው።

ለጀውሃዋ እህታችን፦ የቀጠሮው ቀን ሳይደርስ ዛሬ ማታ እናትሽ አጠገብ ቁጭ በይና ሁሉንም ንገሪያት። ከተነጋገራችሁ በኋላ የሆነውን ጻፊልን። ሳምንት በሌላ ርእስ እስክንገናኝ፣ ቸር ይግጠመን!